ምጣዱን ከሂሳቡ አውጪው፣ ጄኔሬተሩን ከቤት አርቂው

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር አዲስ አበባ፣ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ውስጥ ትኖራለች። መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄድባቸዋል፤ አንዳንዴ ለሰዓት፣ አንዳንዴ ለግማሽ ቀን። ፍሪጅ፣ ቲቪ፣ ዋይፋይ፣ ከምድር ታንከር ወደ ላይኛው ሮቶ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ እና የእንጀራ ምጣድ አላቸው። ጄኔሬተር ልትገዛ ስትጠይቅ ሻጩ "5 ኬቪኤ ሁሉንም ይችላል" ብሏታል፤ ኬቪኤ የጄኔሬተር ጉልበት መለኪያ ነው። ዝናብና ሌባ ስለሚያሰጋት ጋራዥ ውስጥ አስቀምጣ፣ በሩን ከፍታ ልታስነሳው አስባለች። ጎረቤት ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ ሠርቶ ሰጥቷታል፤ ጄኔሬተሩን ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ጋር አገናኝተው ቤቱን ሙሉ እንዲያበሩበት። ቨርጂኒያ ያለው አጎቷ "ከዚህ ልላክላችሁ" ይላል። ምን ልግዛ፣ የት ላስቀምጠው ነው የምትለው።

እህቴ፣ መጀመሪያ አጭሩን ልንገርሽ። 5 ኬቪኤ ይበቃሻል፣ ምጣዱን ከተውሽው። ጋራዥ ውስጥ ማስነሳት በፍጹም አይሆንም። ያንን ገመድ ዛሬውኑ ቆርጠሽ ጣይው። የአጎትሽን ጄኔሬተር አትቀበዪ፤ ሌላ የሚልክልሽ ነገር አለኝ። አሁን ወደ ዝርዝሩ።

ጄኔሬተር የሚመረጠው በቤት ስፋት አይደለም። በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ዕቃዎች ስንት ዋት ይስባሉ ነው ጥያቄው። የአንቺን እንደምረው፦ ፍሪጅ ሲሠራ 150 ዋት ገደማ፣ ቲቪ 100፣ አሥር ኤልኢዲ አምፖል 100፣ ላፕቶፕና ስልክ ቻርጅ 150፣ ራውተሩ 15። ተደምሮ 500 ዋት አካባቢ ነው። ምንም አይደለም። ነገሩ የሚከብደው ሞተር ያለው ዕቃ ሲመጣ ነው፤ ምክንያቱም ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ለአፍታ ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስባል። የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ ከ500 እስከ 600 ዋት ነው፣ ሲነሳ ግን 1,700 ድረስ ሊሄድ ይችላል። የአንድ ፈረስ ከሆነ ሲሠራ 1,100፣ ሲነሳ ከ3,000 በላይ።

ስለዚህ ግማሽ ፈረስ ፓምፕ ካለሽ የሚያስፈልግሽ ከፍተኛው 2,200 ዋት አካባቢ ነው። "ታዲያ 5 ኬቪኤ ምን ያደርግልኛል?" ትዪ ይሆናል። ሻጭ የማይነግርሽ እዚህ ላይ ነው ያለው።

አንደኛ፣ ኬቪኤ እና ኪሎዋት አንድ አይደሉም። ብዙ ጊዜ በ0.8 ተባዝቶ ነው ኪሎዋቱ የሚገኘው፤ 5 ኬቪኤ ማለት 4 ኪሎዋት ማለት ነው። ታርጋው ላይ "ማክስ" እና "ሬትድ" የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ታያለሽ። "ማክስ" የሚለው ለደቂቃዎች የሚችለው ነው፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውም እሱ ነው። አንቺ የምትገዢው "ሬትድ" የሚለውን፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚችለውን ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ከተማችን ራሷ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ ከሆንሽ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ የሚያቃጥልበት ኦክስጅን ያንሰዋል። የአምራቾች መመሪያ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል ይላል። ለእኛ ሲሰላ ከሩብ ትንሽ በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ያ 4 ኪሎዋት የተባለው ጄኔሬተርሽ አዲስ አበባ ላይ ሲነሳ 2.9 ኪሎዋት ቀረ። ድሬዳዋ ላይ ያለ ሰው በዚያው ማሽን የተሻለ ያገኛል። ደግሞ ማንም ሞተር ቀኑን ሙሉ በሙሉ ጉልበቱ መሥራት የለበትም፤ ከ70 እስከ 80 በመቶ ላይ ቢቆይ ዕድሜ ይኖረዋል። አሁን 5 ኬቪኤ ለምን "ልክ" እንደሆነ ገባሽ። በዝቶ አይደለም።

እዚሁ ላይ ካርቡሬተሩን፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል፣ ላንሳ። ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝም ይጨምራል። ለከፍታ የሚሆን አነስ ያለ የነዳጅ ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ) አለ፤ ስትገዢ ጠይቂ፣ ካለ ያስገቡልሽ። የጠፋውን ጉልበት አይመልስልሽም፣ ማቃጠሉን ግን ያስተካክለዋል። አንድ ቀን ማሽኑን ወደ ቆላ ከወሰድሽው የድሮውን ጄት መልሽለት፣ አለበለዚያ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

ምጣዱ ጋ ደርሰናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል። ብቻውን! እሱን ከፍሪጅና ከመብራት ጋር ለመሸከም እዚህ ከተማ ውስጥ 8 ኬቪኤ እና ከዚያ በላይ ትገዢያለሽ፤ ዋጋው ሌላ፣ ክብደቱ ሌላ፣ ነዳጁ ሌላ። ለአንድ ምጣድ ተብሎ ቤቱን የሚያናውጥ ማሽን የገዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ እንጀራውን ከሱቅ ይገዛሉ፣ ማሽኑ ደግሞ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል። እናትሽን አስረጂያቸው፣ መብራት ሲመጣ ይጋግሩ። የኤሌክትሪክ ምድጃው፣ የሻወር ቦይለሩ፣ የውሃ ማፍያው፣ ካውያው፣ ሁሉም ከዚሁ ከምጣዱ ወገን ናቸው። ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ የጄኔሬተር ጠላት ነው። በዚህ የምታተርፊውን ብር ከታች ለምነግርሽ ማብሪያና ለኤሌክትሪሺያን ክፈዪው።

ቤንዚን ወይስ ናፍጣ? ለአንቺ ቤት ቤንዚን። የናፍጣው ብዙ ሰዓት በተከታታይ ለሚሠራ ቦታ ጥሩ ነው፣ ግን ይከብዳል፣ ይጮኻል፣ "ሳይለንት" ተብሎ የሚሸጠውም ትንሹ የናፍጣ ማሽን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ቤንዚን ጄኔሬተር ደግሞ ዋጋው ከፍ ቢልም ድምፁ ያንሳል፣ ጭነት ሲቀንስ ሞተሩም ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ለላፕቶፕና ለቲቪም ንጹሕ ኃይል ይሰጣል። አቅምሽ ከፈቀደ እሱን እመርጥልሻለሁ፤ ጉልበቱን ግን በዚያው የከፍታ ሂሳብ አስልተሽ። አንድ ሌላ ወጥመድ፦ ባለ ሦስት ፌዝ (ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች ያሉት)፣ 380 ቮልት የሚል ማሽን በርካሽ ካገኘሽ ተዪው። ቆጣሪሽ ነጠላ ፌዝ ከሆነ ከማሽኑ ጉልበት የምታገኚው አንድ ሦስተኛውን ያህል ነው። ሌላው ልብ የምትዪው ማሽኑ ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥቅልል ነው፤ መዳብ ነው ወይስ አሉሚኒየም ብለሽ ጠይቂ። ሁለት አንድ ዓይነት ኬቪኤ የተጻፈባቸው ማሽኖች አንዱ በጣም ቀለል ካለ፣ ከመዳቡ የተቆጠበበት ሊሆን ይችላል።

አሁን አጎትሽ። አሜሪካ የሚሸጠው ጄኔሬተር 120 እና 240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። 240 የሚለው ሶኬቱ አለ ብለሽ እንዳትሸወጂ፤ እዚያ 240 የሚገኘው ከሁለት ፌዝ ሽቦዎች መካከል ነው፣ ኒውትራሉ፣ መመለሻው ሽቦ፣ መሐል ላይ ነው ያለው፤ የእኛ ቤት ሽቦ የተሠራው ግን በአንድ ፌዝና በአንድ ኒውትራል ነው። ድግግሞሹም ከ50 ወደ 60 ሲወጣ የፓምፑና የፍሪጁ ሞተር በ20 በመቶ ፈጥኖ ለመዞር ይሞክራል፣ ይሞቃል። መለዋወጫውም እዚህ አይገኝም። ሰውዬው በቅንነት ነው፣ ግን የኮንቴይነር ብር ከሚያወጣ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሁለት ሦስት ይላክልሽ። አሜሪካ በየሱቁ አለ፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። አንዱን እናትሽ መኝታ ክፍል፣ አንዱን አንቺ ጋ፣ አንዱን ሰርቪስ ቤት። ጀርባው ላይ የሚያበቃበት ዓመት ይጻፋል፣ እሱን እዪ።

ይህን የምልሽ ጋራዥ ስላልሽኝ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። የከሰሉ ነገር ነው፤ ምድጃ ይዘው ዘግተው የተኙ ሰዎች በጠዋት ያልተነሱበትን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። ያው ጋዝ ነው፣ ጄኔሬተር ግን ከከሰል ምድጃ እጅግ የበለጠ ያወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ከደም ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ትንሽ መጠን እንኳ ለሰዓታት ከተነፈስሽው ይጠራቀማል። "የጋራዡን በር ከፍቼ" ብለሽ ነበር። አይበቃም። ነፋሱ ወደ ውስጥ ከመለሰው ጋዙ በጋራዡና በቤቱ መሐል ባለው በር ስር ገብቶ ደረጃውን ይወጣል። በረንዳ ስር፣ ደረጃ ስር፣ ከመስኮት ስር፣ ከወጥ ቤት ጀርባ፣ ሁሉም አይሆኑም።

ደንቡ ቢያንስ 6 ሜትር ከቤት መራቅ ነው፤ የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው ማለት ነው፣ ከቤት ወደ ውጭ ዞሮ። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ 6 ሜትር ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሰዉ ግቢው ጥግ ወስዶ አጥሩ ስር የሚያስቀምጠው፤ ከአጥሩ ማዶ ግን የጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት አለ። ወይ ደግሞ ጓሮ ይወስዱታል፣ ሠራተኛዋ ወይም ተከራዩ የሚተኛበት ሰርቪስ ክፍል ጎን። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ከዋናው ቤት አራቅነው ብለው ሰው የሚተኛበት ክፍል በር ላይ ያስነሱታል። መለኪያው የአንቺ መስኮት ብቻ አይደለም፤ ሰው ያለበት መስኮትና በር ሁሉ ነው። ግቢው በፊት ለፊት ሰፋ ካለ፣ የውጭ በሩ አካባቢ ብዙ ጊዜ የተሻለው ቦታ ነው። የትም 6 ሜትር ካልተገኘ፣ ያ ግቢ ለጄኔሬተር አይሆንም፤ ስለ ባትሪ ከታች እነግርሻለሁ።

ለዝናቡ መላ አለው። አራት ቋሚ፣ ላዩ ቆርቆሮ፣ ጎኖቹ ሁሉ ክፍት። ግድግዳ አትሥሪለት፣ ሸራም አትጋርጂበት፤ ሞተሩ ሙቀቱን ማውጣት አለበት። ከስሩ ከፍ ያለ ደረቅ ኮንክሪት ይሁን፣ ክረምት ላይ ጎርፍ እንዳይደርስበት። ለሌባው ደግሞ ጎማ ያለው ግዢ፤ ሲቀዘቅዝ ጋራዥ ይግባና ይቆለፍበት፣ ሲሠራ ይውጣ። ጋራዥ ማስቀመጥ ችግር የለውም፣ ማስነሳት ነው የሚገድለው። እንዲያም ሆኖ የቤንዚን ጀሪካኑ ከቦይለርና ከማብሰያ ርቆ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ጄኔሬተር እየሠራ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ እንዳትተኙ። በተለይ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ካመማቸው። ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ፤ መጀመሪያ መውጣት፣ ከዚያ መደወል። እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ያመመው ሰው ሻል ቢለውም ሐኪም ይየው።

ወደ ገመዱ እንምጣ። ጎረቤትሽ መጥፎ ሰው አይደለም፣ ብዙ ቤት የሚሠራ ነገር ነው። ግን አስቢው፦ አንዱን ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ ሰክተሽ ሌላው ሲነቀል፣ እጅሽ ላይ ያለው ባዶ ሹል ብረት 220 ቮልት አለበት። ታናሽ ወንድምሽ በጨለማ ገመዱ ቢያደናቅፈውስ? ይሄ የቤቱ ውስጥ አደጋ ነው። የውጭው ይብሳል። ትራንስፎርመር በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሠራም። 15 ሺህ ቮልቱን ወደ ቤታችን ቮልት እንደሚያወርደው ሁሉ፣ ከታች 220 ሲገባበት መልሶ ወደ ሺዎች ያወጣዋል። መብራት የለም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው የመብራት ኃይል ሠራተኛ የሚያገኘው እሱን ነው። "ትንሽ ጄኔሬተር ሰፈሩን ልሸከም ሲል ወዲያው ይጠፋል" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ሽቦው የተበጠሰው እቤትሽ አጠገብ ከሆነ ግን የሚሸከመው ሰፈር የለም፣ ሠራተኛው የሚመጣውም እዚያው ቦታ ሊጠግን ነው። "ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ነው የምሰካው" የሚለውም አያሳምነኝም። አንድ ቀን ይረሳል። በረሳሽበት ቀን መብራት ከመጣ ደግሞ ጄኔሬተሩ እዚያው ይቃጠላል።

ትክክለኛው ቼንጅኦቨር ማብሪያ ነው። ሦስት ቦታ ያለው፦ መብራት ኃይል፣ ዜሮ፣ ጄኔሬተር። በአንድ ጊዜ ሁለቱ በፍጹም አይገናኙም፣ ብትፈልጊም እጀታው አይፈቅድልሽም። ባለ ሁለት ፖል ይሁን፣ ማለትም ፌዙንም ኒውትራሉንም የሚቆርጥ። የሚገባው ከቆጣሪው በኋላ፣ ከብሬከር ሳጥኑ በፊት ነው። ቆጣሪውንና ከሱ በፊት ያለውን ማንም አይንካው። ከጄኔሬተሩ የሚመጣው ገመድ ባለ ሦስት ሽቦ፣ 4 ካሬ ሚሊሜትር፣ ለውጭ የሚሆን ይሁን። ሲሠራ ተጠቅልሎ አይተው፣ ይሞቃል።

ሥራውን የሚሠራልሽን ኤሌክትሪሺያን አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ "ኒውትራሉን ከመሬት ጋር የት ነው የምታያይዘው?" ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተሮች አብዛኞቹ ኒውትራላቸው ከመሬት ጋር አልተያያዘም። ቤትሽ ውስጥ ንዝረት ሲኖር የሚቆርጥ ብሬከር ካለ፣ በጄኔሬተር ጊዜ ላይሠራ ይችላል፣ አለ ብለሽ ትተማመኛለሽ እንጂ። ሙያተኛ ከሆነ ጥያቄው ይገባዋል፣ የመሬት ዘንግ ይተክላል፣ በአንድ ቦታ ብቻ ያያይዘዋል። "እሱ አያስፈልግም" ካለሽ ሌላ ፈልጊ።

ለዚህ ሁሉ አሁን ብር ከሌለሽ ቀላል መንገድ አለ። ከጄኔሬተሩ ሶኬት ጥሩ ወፍራም ማራዘሚያ አውጥተሽ ፍሪጁን፣ ቲቪውንና ራውተሩን በቀጥታ ሰኪ። የግድግዳ ሶኬት ሳትነኪ ማለት ነው። አያምርም፣ ግን አይገድልም። ስስ የቻይና ዲቫይደር ላይ ሁሉን እንዳታጭቂ ብቻ።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ አልልም፣ ጥቂት ግን ሳልናገር አላልፍም። አዲስ ማሽን ብዙ ጊዜ ያለ ሞተር ዘይት ነው የሚመጣው! ሳትሞዪ እንዳታስነሺው። የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየራል፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ። ስታስነሺ ያለ ጭነት ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሙቅ፣ ከዚያ አንድ በአንድ፣ ሞተር ያለውን መጀመሪያ። ፓምፑ ሲነሳ ሌላው ይጥፋ፤ ሮቶው ከሞላ በኋላ ፓምፑን አጥፍተሽ ወደ ቲቪሽ ተመለሺ። ስታጠፊ መጀመሪያ ጭነቱን አንሺ። ቤንዚኑ እስኪያልቅ እየሠራ አይቆይ፤ ሲያልቅበት ቮልቴጁ ይዋዥቃል፣ ቲቪና ፍሪጅ ይጎዳል። ሞቆ እያለ ቤንዚን አትጨምሪ፤ አጥፊው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ፣ ሻማ ሳይሆን ባትሪ አብርተሽ ሙዪ። መብራት ሲመለስም ወዲያው አትመልሺ፤ የሚመጣው ቮልት አንዳንዴ ከፍ ይላል፣ አምስት ደቂቃ ታገሺ። ማሽኑ የማይሠራበት ጊዜ ከረዘመ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን አስወጪ፤ ሲቆይ ይደርቅና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። "ባለፈው ዓመት ገዛሁት፣ አልነሳ አለ" ከሚሉኝ ሰዎች የአብዛኞቹ ችግር ይሄው ነው። በወር አንዴ ጭነት ሰጥተሽ አስነሺው።

ቀኑን ሙሉ መንዳትም የለብሽም። በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ሁለት ቀን። ጠዋት አንድ ሁለት ሰዓት፣ ማታ አንድ ሁለት ሰዓት ብታስነሺ ውሃውም ይሞላል፣ ፍሪጁም ይቀዘቅዛል፣ ስልኩም ይሞላል።

አሁን ባትሪው። እውነቱን ልንገርሽና ፓምፑ ባይኖር ኖሮ ጄኔሬተር አትግዢ ነበር የምልሽ። 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ ከኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት 220 ቮልት ከሚቀይረው ዕቃ) ጋር፣ የአንቺን ፍሪጅ፣ ቲቪ፣ ራውተርና ጥቂት አምፖል ከአሥር ሰዓት በላይ ያቆይልሻል። መብራት ሲመጣ ራሱ ይሞላል። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ቤንዚን ፍለጋ የለ። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ደግሞ ምርጫው ይሄ ብቻ ነው፤ በረንዳ ላይ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰው ከላይ ያለውን ቤተሰብ እያጨሰ ነው። መጀመሪያ የሚከፈለው ብር ግን ይበዛል፣ ፓምፑንም ለማስነሳት ኢንቨርተሩ ትልቅ መሆን አለበት።

ቤንዚን ካልኩ አይቀር፣ ከመግዛትሽ በፊት የሰፈርሽ ማደያ በጀሪካን ይቀዳ እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የፈቃድ ወረቀት ይጠይቃሉ፣ ሰልፉም ይታወቃል። ማሽን ገዝተሽ ቤንዚን ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ መግዛት ከጀመርሽ፣ ጥራቱም አይታወቅም፣ አደጋውም ሌላ ነው።

የፓምፑ ሞተር ላይ ትንሽ ታርጋ አለ። እዚያ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት ወይም ኪሎዋት አንብቢና ጻፊልኝ። 0.37 ኪሎዋት ከሆነ በነገርኩሽ 5 ኬቪኤ ቀጥዪ። 0.75 ከሆነ ግን ቅድም እንዳየነው ሲነሳ 2.9 ኪሎዋቱን ያልፋል፤ ያኔ ወይ 6.5 ኬቪኤ ትገዢያለሽ፣ ወይ ፓምፑን በግማሽ ፈረስ ትቀይሪያለሽ። እኔ ብሆን ፓምፑን ነበር የምቀይረው።